በሁለተኛው ሳምንት የተሸጠ ልጅ

ውድድሩ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ገፈርሳ ሜዳ ላይ፣ የግራ ታኬታው በሲባጎ የታሰረ አንድ ልጅ ሁለት ተከላካይ አልፎ አግዳሚውን መታ። ሜዳ ዳር የቆሙት ጋሼ የያዙትን ቆሎ ሳይውጡ ፈረዱ፦ «በቃ፣ ይሄ የአውሮፓ ነው!» አጠገባቸው ያለው ደላላ ስልኩን አወጣ። ኳሷ መረብ አለመንካቷን ያነሳ የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ጉንፋን ይዞት ቀዘቀዘ። «እኔ ድሮም አላመንኩትም፤ ትከሻው ጠባብ ነው» አሉ እኚያው ጋሼ።

አቡበከር ናስር እንኳ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ፣ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሰብሮ ነው ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የሄደው። እዚያ ጉዳት ተመላለሰበት። ይህን አስቀድሞ ያየ አልነበረም፤ ከሆነ በኋላ ግን ሁሉም አይቶት ነበር።

አሜሪካኖቹም ብዙ አይሻሉም። የኮሌጅ ልጆችን አስሮጠው፣ አዘልለው፣ መዳፋቸውን ሳይቀር ለክተው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹን ቶም ብሬዲን የመረጡት 198 ሰው ካስቀደሙ በኋላ ነው። ሰባት ዋንጫ በላ። እነሱ ቢያንስ ሜትር ነበራቸው፤ የእኛዎቹ ያላቸው ቆሎ ነው።

ደላላውን የልጁን ዕድሜ ጠየቅሁት።

«አሥራ ሰባት።»

«ካቻምናስ?»

«ያኔም አሥራ ሰባት ነበር። አቋሙን ጠብቆ የቆየ ልጅ ነው።»