ፕሮግራሙ አልተሳሳተም

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ለንደን ውስጥ ዕቁብ ልናወጣ ተሰብስበናል። ሕፃኗ እጇን ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ከታ የተጠቀለለውን ወረቀት ልታነሣ ስትል የአክስቴ ልጅ “ቆዪ! ቆዪ!” ብሎ ጮኸ። እናቶች አማተቡ። ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ተደውሎ ይሆናል ብለን ዞር ስንል አጅሬ ስልኩ ላይ አፍጥጧል፤ ሮምፎርድ የውሻ ውድድር ሜዳ ላይ ስድስት ውሾች ከሳጥናቸው ሊለቀቁ ነው። 400 ሜትር ናት፣ 24 ሰከንድ ገደማ። ጠበቅነው። ሕፃኗም እጇን እንደከተተች ጠበቀች። አጅሬ ያስያዘባት፣ ሰማያዊ የለበሰችው ሁለት ቁጥር አራተኛ ሆና ገባች። አጅሬ ስልኩን ኪሱ ከተተና ለአስታማሚ እንደሚያስረዳ ሐኪም ረጋ ብሎ፣ “ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ እሷ ናት የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ የተገፋችው” አለን።

እንግዲህ የዚህ ውሻ መራጭ ፕሮግራም ውለታ ብዙ ነውና አለማመስገን ነውር ይሆናል። አጅሬ አገር ቤት ሳለ ከውሻ ጋር የሚነጋገረው በድንጋይ ነበር። ዛሬ የግሬይሃውንድን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የገዛ እናቱን አያት ስም ስትጠይቁት ግን ወደ ሚስቱ ያያል። ሚክ ዘ ሚለር የተባለው ውሻ እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 የእንግሊዝን የግሬይሃውንድ ደርቢ በተከታታይ መውሰዱን፣ መጀመሪያ የአንድ አየርላንዳዊ ቄስ ውሻ እንደነበር፣ ቆዳው ተሞልቶ ዛሬም ትሪንግ ሙዚየም ውስጥ መቆሙን የሰማሁት ከእሱ ነው። (የቄስ ውሻ መሆኑን ሲነግረኝ ንስሐ የተቀበለ ሰው መስሎ ነበር።) ውሻ ከሩጫ በፊት እንደሚመዘን፣ ካለፈው ውድድር ከአንድ ኪሎ በላይ ጨምሮ ወይም ቀንሶ ከተገኘም እንደማይሮጥ ያውቃል። እሱ ራሱ እዚህ ከመጣ 14 ኪሎ ጨምሯል፤ ያስቆመው የለም።

ፕሮግራሙ አነጋገራችንንም አሳምሮልናል። ድሮ ሰው ቁማር ይጫወትና “ተበላሁ” ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ይገባ ነበር። አሁን ቁማር ቀርቷል፤ ትንተና ነው ያለው። መበላትም ቀርቷል፤ “ናሙናው ገና ትንሽ ነው” ይባላል። አገር ቤት ያለ ጠንቋይ ቀይ ዶሮውን አንዴ ተቀብሎ ይለቃችኋል፤ ይኼኛው የሠለጠነ ስለሆነ በየወሩ 35 ፓውንድ ከባንክ ራሱ ይቆርጣል። ለዚያም ይለፋል። ያለፉትን ሩጫዎች ሰዓት፣ የሳጥኑን ቁጥር፣ ውሻዋ ውስጥ ውስጡን ትይዝ እንደሆነ ወይ ወደ ውጭ ትወጣ እንደሆነ ይደምራል፣ ያባዛል፣ በመጨረሻ በአረንጓዴ “41 ከመቶ” ብሎ ያበራል። ይህ ሁሉ ተለፍቶ ከሦስት ውድድር አንዱን ያህል ያገኛል። ብዙ ሰው ያስያዘባትን ውሻ ዐይኑን ጨፍኖ የሚከተል ሰውም ከሦስት አንዱን ያህል ያገኛል። እሱ ግን 35 ፓውንድ ስለማይከፍል ሳይንስ የለውም።

አሁን ፕሮግራሙ ካልተሳሳተ ጥፋተኛዋ ውሻዋ ናት። ጥፋተኛ ካለ ደግሞ ሽማግሌ አለ፤ ወጋችን ነው። ስለዚህ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት አባቶች ከሊቨርፑል ስትሪት በባቡር ተሳፍረው ሮምፎርድ ይውረዱ ባይ ነኝ። ባዶ እጅ መሄድ አይገባም፤ ሥጋ ይዘው እንዳይሄዱ ደግሞ ኪሎ ትጨምርና ከውድድር ትወጣብናለች። እጃቸውን ይዘው ይሂዱ። ገብተው ይቀመጡ። ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ልጄ፣ 41 ከመቶ ተብሎልሽ ነበር። ምን ጎደለብሽና አዋረድሽን?” ይበሏት። እሷም፣ “አባቴ፣ እኔ ስለ መቶኛው የነገረኝ የለም። ጥንቸሏን ነበር የማባርረው። ሦስት ቁጥር ገፋኝ” ትላለች። ሦስት ቁጥር ይጠራል፤ የገፋኝ አራት ቁጥር ነው ይላል። አራት ቁጥር በአምስት ያሳብባል። ስድስት ቁጥር፣ ባለ ጥቁርና ነጭ መስመር ለብሶ የቆመው፣ በልብሱ እስረኛ ስለሚመስል ሳይጠየቅ ይፈረድበታል። ጥንቸሏም ትምጣ ይባላል። ጥንቸሏ ግን ጥንቸል አይደለችም፤ በሐዲድ ላይ በሞተር የምትጎተት ጨርቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1926 ማንቸስተር፣ ቤል ቩ ላይ ከተለቀቀች ወዲህ ውሻው ይከተላታል፣ እሷ ትሄዳለች። እዚህ ላይ ታላቁ ሽማግሌ ዝም ይላሉ፤ የሚያውቁት ሰው ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ከዚያ ፍርድ ይሰጣል፦ ውሻዋ ድንጋይ ተሸክማ ፕሮግራሙ እግር ሥር ትውደቅ። ፕሮግራሙ እግር እንደሌለው፣ ድንጋዩም ከኪሎ በላይ እንደሚሆን የሚነሣው ክርክር ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቀጠራል።

አጅሬ ይህን ስነግረው አይስቅም። “አንተ አይገባህም፤ አቆማሪው ድርጅት ራሱ ያከብረኛል፣ በየሳምንቱ ነፃ ውርርድ ይልክልኛል” ይለኛል። ያከብረዋል! እዚህ አገር አቆማሪ ለሚያሸንፍ ደንበኛ ስጦታ አይልክም፤ ሊያስይዝ የሚችለውን ገንዘብ ወደ ሳንቲም ያወርድበታል። በሦስት ዓመት ውስጥ አጅሬን “ቀንስ” ያለው አንድም ሰው የለም። ሚስቱን ሳይጨምር።

አቆማሪው ለስድስቱ ውሾች የቆረጠውን የክፍያ መጠን፣ ኦድ የሚሉትን፣ ወደ መቶኛ ለውጣችሁ ደምሩ። 100 አይመጣላችሁም፤ 115 ይመጣል፣ ከዚያም ያልፋል። ትርፉ የአቆማሪው ነው። ውሾቹ ሳይሮጡ ተወስዷል። ፕሮግራሙ በእርግጥ ቢያውቅ እንኳ፣ ያንኑ ውሻ ለደንበኞቹ ሁሉ ባንድ ደቂቃ ሲነግራቸው፣ ሁሉም እዚያችው ላይ ሲያስይዙ፣ ኦዱ ይወድቅና የተረፈችውም ትጠፋለች። የሚያሸንፍ ፕሮግራም ያለው ሰው ደግሞ አይሸጠውም፤ ቤቱን ዘግቶ ያሸንፍበታል። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ታውቀዋለች።

ለምን ይህን ያህል እንደምናደድ ልንገራችሁ። አጅሬ ዕቁቡ የወጣለት ባለፈው ዓመት ነው። ሙሉውን ተቀብሏል። ከዚያ ወዲህ መክፈል ያለበትን የሚከፍለው ዋሱ ነው። ዋሱ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ማታ ሁለት ቁጥር አራተኛ ከገባች በኋላ ሕፃኗ ወረቀቱን አወጣች፣ ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ደረሰ፣ እልል ተባለ። የዕቁቡ ዳኛ ደብተራቸውን ይዘው አጅሬ ጋ ደረሱና ቀና ብለው እኔን አዩኝ። 200 ፓውንድ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ወሩ ባተ። አጅሬ ጠዋት ደውሎ ስለ አንድ ጥቁር ውሻ እያወራኝ ሳለ የባንኩ መልእክት ገባለትና ጮክ ብሎ አነበበልኝ። የፕሮግራሙ 35 ፓውንድ በቀኑ ተከፍሏል።