የ«ኦኬ» ጠባይ በሆሞሻና በአካባቢው

«ኦኬ» በተለምዶ የስምምነት ቃል ነው ይባላል፤ በተግባር የሚሠራውን ሥራ ቀረብ ብሎ ለመረመረ ሰው ግን ይበልጡን ሳይስማሙ በጨዋ ደንብ መገላገያ ሆኖ ይገኛል። ትውልዱም ቢሆን ለቁም ነገር የሚመች አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1839 አንድ የቦስተን ጋዜጣ «ሁሉም ትክክል ነው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ሆን ብሎ አሳስቶ በመጻፍ የተገኙትን ሁለት መነሻ ፊደላት ለቀልድ አተማቸው፤ በዓመቱ ደግሞ የፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ቅጽል ስም ከነዚሁ ፊደላት ጋር ስለገጠመ ደጋፊዎቻቸው ለምርጫ ቅስቀሳ አዋሉት። ፕሬዚዳንቱ በምርጫው ተሸነፉ፤ ቃሉ እስካሁን በሥልጣን ላይ ነው።

ሆሞሻ ሲደርስ ግን ባዶ ወንበር አልጠበቀውም። ወረዳው ከአሶሳ ወደ ኩርሙክና ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ከበርታ ቋንቋ ጎን ለጎን ዐረብኛውም ስለሚነገር፣ «ተማም» የቆየ ባለርስት ነው፤ ከመሐል አገር የመጣው ሠራተኛና ነጋዴ ደግሞ «እሺ»ን ይዞ ገብቷል፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያም የእርዳታ ድርጅቶችን እንግሊዝኛ ወደ አካባቢው አቅርቧል። ከዚህ የተነሣ፣ ጥብቅ ባይሆንም፣ የሥራ ክፍፍል ይታያል፦ «እሺ» የተናገረውን ሰው ዕዳ ውስጥ ይከታል፣ «ተማም» ብርና ዕቃ ከተለዋወጡ በኋላ ይነገራል፣ ሁለቱም የማይፈልጉት ትርፍ ሥራ ሁሉ በ«ኦኬ» ላይ ይወድቃል።

ለምርመራ የሚመቸው የማንጎ ገበያ ነው። ሻጯ የክምሩን ዋጋ ትናገራለች፣ ገዢው ግማሹን ይጠራል፣ እሷ ስትስቅ እሱ «ኦኬ» ብሎ ይነሣል። «ኬ» አጥሮ ከተቆረጠ ሰውየው ሄዷል፤ ከተሳበ ግን «ጥሩኝ» ማለት ነው፣ የለመደች ሻጭም ይህን ስለምታውቅ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ካስኬደችው በኋላ ነው «ና፣ እሺ ውሰድ» የምትለው። (ገዢው በነዚህ እርምጃዎች ወቅት ወደ ኋላ አለማየቱ እንደ ትልቅ ጥበብ ይቆጠራል።)

በስልክ ላይ ቃሉ እየተደጋገመ ያገለግላል፤ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ እሺ ኦኬ» ሲባል ጆሮው አሁንም ስልኩ ላይ ቢሆንም ተናጋሪው ልቡ ሄዷል፣ የቀረው «ቻው» ብቻ ነው። በመሥሪያ ቤት በኩል ያለው አጠቃቀም ከሁሉም የረቀቀ ነው፦ ኃላፊው ማመልከቻውን ሳይገልጥ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋ አድርጎ «ኦኬ፣ እናየዋለን» ካለ፣ ከሩቅ የመጣ ባለጉዳይ መኪና ሳያመልጠው መናኸሪያ ቢወርድ ይሻለዋል።