ቡናው ትንሽ በዝቷል

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የፊልም ካሜራ ወደደ። ስልኩ ሺህ ፎቶ የሚያነሳለት ልጅ 36 ፎቶ ለማየት ወር ሙሉ ይንሰፈሰፋል። አንድ ቅዳሜ «አክስቴ፣ ፊልም ላጥብ ነውና ወጥ ቤቱን ልቀቂልኝ» አለኝ። ከአጥር ማዶ የሰሙት እትዬ አንገታቸውን ብቅ አደረጉና «በሙቅ ውሃ እንዳታጥበው ልጄ፣ ቀለሙ ይለቅብሃል» ብለው መከሩት። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው።

እንዲያው አይፈረድባቸውም። ልጁ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የዘረገፈው የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ነው፤ ውሃውም ከ20 ዲግሪ እንዳያልፍ በቴርሞሜትር ሲጠብቅ ነበር። ቀጥሎ ቫይታሚን ሲ፣ ከዚያ በውሃ የሚሟሟ ቡና አመጣ። ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን፣ 40 ግራም ቡና። ፊልምን በቡና ማጠብ በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ የተጀመረ ዘዴ ነው አለኝ። ሮቸስተር እኮ የፊልም ነጋዴው የኮዳክ አገር ናት! የጠላ ነጋዴ ደጃፍ ላይ ጠላ ጠምቆ በነፃ እንደ ማደል ነው።

የድሮ ፎቶ ቤቶች ፊልም ማጠቢያ (ዴቨሎፐር) ሜቶልና ሃይድሮኪኖን ነበሩበት። ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለውጡታል፣ ያልነካውን ይተዉታል። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይክ አሲድም ይህንኑ ይሠራል፤ ሶዳው ካልቀሰቀሰው ግን ንቅንቅ አይልም። «ካፌይኑስ?» አልኩት። «እሱ እዚህ ሥራ የለውም።» ሰው እንቅልፍ ከመንሳት በቀር ሥራ የሌላት ጎረቤት አውቃለሁ፤ ስሟን አልናገርም፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስላለች።

የአገር ፍቅር ይዞኝ የቆላሁትን የይርጋጨፌ ቡና ይዤ ብድግ አልኩ። ልጁ መለሰኝ። ርካሹ ሮቡስታ ይሻላል፤ ካፌይክ አሲድ የሚገኝበት ክሎሮጄኒክ አሲዱ እንደ ይርጋጨፌ ካለው አረቢካ ይበዛል። ዓለም የሚሰለፍለት ቡናችን ፎቶ ማጠብ ላይ ወደቀ! ይህንን ለእትዬ አልነገርኳቸውም፤ ደም ግፊት አለባቸው።

15 ደቂቃ ፊልሙ ያለበትን ጣሳ እየገለበጠ ሲያቆይ ቡና ቡና የሚል ነገር ሰፈሩን አዳረሰ። እንደ ልማዳችን ማንም ሳይጠራ ሦስት ጎረቤት መጣ፤ አንዷ ፈንዲሻዋን ይዛ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን ሽታው ቡና የተደፋበት እርጥብ ካልሲ ሆነባቸው። ቢሆንም ይሉኝታ አላስኬዳቸውም፤ ተቀመጡ። ልጁ አቦሉን ዴቨሎፐር፣ ቶናውን ውሃ፣ በረካውን ምስሉን የሚያጸናውን ሃይፖ አድርጎ ሦስቱንም ጨረሰ፤ ለእንግዳ ስኒ አልደረሰም።

እኔንና ጎረቤቶቻችንን ያነሳበት ፊልም ደረቀ፣ በስልክም ጥቁሩ ወደ ነጭ ተገልብጦ ታየ። (አዎ፣ መጨረሻው ያው ስልክ ነው።) እዚህ ላይ የልጅነቴ ፎቶ ቤት ትዝ አለኝ። ያኔ ፎቶው ካማረ «እኔ እኮ ፎቶ ይወጣልኛል» ነበር፣ ካላማረ «ኬሚካሉ አጠቆረኝ»። ዘንድሮም ያው ነው። እትዬ «ይሄ ሶዳ አሸበሸበኝ» አሉ። ፈንዲሻ ያመጣችው ደግሞ ቫይታሚኑ ጉንጯን እንዳሳበጠው አረጋገጠች። እኔ በልቤ ሳቅሁባቸው። የቀለም ትምህርት የቀመስኩ ሴት፣ ቀመሩን በግራም የማውቅ!

ከዚያ የኔ ፎቶ ተራ ደረሰ። ልጁ ዝም ብሎ ስልኩን አቀበለኝ። አየሁት፣ አራቅሁት፣ መነጽሬን አውልቄ ደግሜ አየሁት።

«ቡናው ትንሽ በዝቷል» አልኩት።