የጋሼ ሦስት ቁልፎች

ዓርብ ነው። ጋሼ ሳይክላቸውን እየገፉ ወደ ባቡሩ በር ተጠጉ። ከኋላ መጫኛው ላይ በላስቲክ ገመድ የተጠፈረ ድፎ ዳቦ አለ። ኮባ ስላልተገኘ በፎይል ነው የተጋገረው፤ ሽታው ግን የኡትሬክትን ጣቢያ ለጊዜው የባህር ዳር ሠርግ ቤት አስመስሎታል። በማግስቱ ሮተርዳም ክርስትና አለ፣ የክርስትና አባቱ እሳቸው ናቸው። እኔ የዳቦው አጃቢ ነኝ።

ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ ቆማለች። መጀመሪያ ሳይክሉን አየች፣ ቀጥሎ ሰዓቷን፣ ከዚያ ጋሼን።

«አዝናለሁ ጌታዬ፣ አሁን ሳይክል አይገባም።»

ጋሼ ከደረት ኪሳቸው ቲኬት አወጡ። የራሳቸውን አይደለም፣ የሳይክሉን። እዚህ አገር ሳይክል ባቡር የሚሳፈረው እንደ ሰው ቲኬት ተቆርጦለት ነው። ዋጋውም ለቀኑ አንድ ነው፤ የሚቀጥለው ጣቢያ ይውረድ፣ ሆላንድን ከዳር እስከ ዳር ሲዞር ይዋል፣ ግድ የላቸውም። ጋሼ ይህን መጀመሪያ የሰሙ ዕለት «ታዲያ ወንበርም ይሰጡታል?» ብለው የጠየቁ ሰው ናቸው።

የተጣሉት ግን ከሰዓቱ ጋር ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ከ6:30 እስከ 9:00፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ16:00 እስከ 18:30፣ ሰው ሥራ በሚገባበትና በሚወጣበት ጊዜ፣ ሳይክል ባቡር ላይ አይወጣም። በጁላይና በኦገስት፣ ሕዝቡ ለእረፍት ሲበተን፣ ክልከላው ይነሣል። ጋሼ ደንቡን አንብበውታል። ነገር ግን ሆላንድ ከገቡ ሃያ ዓመት ቢያልፋቸውም የቤታቸው ግድግዳ ሰዓት የሚቆጥረው በሐበሻ ነው፣ የእጃቸውም እንደዚያው።

«አሥር ሰዓት ከሩብ እኮ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «አሥራ ስድስት ሰዓት የሚሉት ገና ነው።»

አሥራ ስድስት ሰዓት የሚባል ነገር በእሳቸው ሰዓት ላይ መቼም እንደማይደርስ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ተቆጣጣሪዋ ግን አዛኝ ናት፤ ምክር ጨመረችልን። ሳይክሉ ተጣጣፊ ቢሆን ኖሮ ታጥፎ በየትኛውም ሰዓት ያለ ክፍያ ይገባ ነበር። ጋሼ ዞር ብለው ሳይክላቸውን አዩት። ጥቁር ነው፣ ብረቱ የድሮ ብረት፣ ማኑብሪዮው እንደ በሬ ቀንድ ወደ ነጂው የዞረ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲገዙት «ኦማፊትስ» ነው አሏቸው፤ የፋብሪካው ስም መስሏቸው ለሦስት ዓመት በኩራት ሲናገሩት ኖሩ። ትርጉሙ የሴት አያት ሳይክል ማለት እንደሆነ የነገራቸው ሰው እኔ አይደለሁም፣ እኔ ዝም ብያለሁ።

«ይሄ የሚታጠፈው» አሉ በአማርኛ፣ «የጭነት መኪና ሲሄድበት ነው።»

በሩ ተዘጋ። ባቡሩ ያለ እኛ፣ ያለ ድፎውም፣ ወደ ሮተርዳም ነጎደ። ጋሼ ሲርቅ እያዩት፣ «ለእኛ ነው ስለ ሳይክል የሚያስተምሩት? እኛ እኮ ሜልቦርን ላይ የጋለብን ሕዝብ ነን!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቿ ጎን ሳይክል ጋላቢዎችም ነበሯት። ተቆጣጣሪዋ ይህን ብታውቅ ምን ታደርግ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት የሜልቦርኑ ውድድር በስንት ሰዓት እንደተጀመረ ትጠይቅ ነበር።

እንግዲህ ከአሥር ሰዓት ከሩብ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሳይክሉ መካከላችን ቆሟል። ጋሼ የድፎውን ፎይል በየጊዜው እየነኩ ሙቀቱን ይለካሉ፣ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ያን ሁሉ ሰዓት ስንጠብቅ ከጣቢያው ሥር፣ ጥቂት ደረጃ ወረድ ብሎ፣ በዓለም ትልቁ የሚባለው የሳይክል ማቆሚያ ተዘርግቶ ነበር። ሦስት ፎቅ ነው፤ 12,500 ሳይክል ይይዛል። ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከሳይክልህ ሳትወርድ ከመንገድ እየጋለብክ ትገባለህ፣ በየመደዳው ስንት ባዶ ቦታ እንዳለ ሰሌዳው በቁጥር ይነግርሃል፣ ካርድህን ታስነካለህ፣ የመጀመሪያው 24 ሰዓት ነጻ ነው፣ ደረጃውን ስትወጣ ባቡሩ ፊትህ ነው። ሮተርዳም ስንወርድ ደግሞ ሰማያዊና ቢጫ የተቀቡ የኪራይ ሳይክሎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየጣቢያው የተሠማሩት እነዚህ፣ በዚያው በባቡሩ ካርድ የሚወሰዱ ናቸው። ባጭሩ አገሩ በሙሉ «ሳይክልህን እዚህ ተወው፣ እዚያ ሌላ አለልህ» እያለ ሲለምነን፣ እኛን የሳይክሉን ቲኬት እንደያዝን ነፋስ ይመታናል።

«ለምን ታች አናቆመውም?» አልኳቸው በአንድ ሰዓት መዘግየት።

«ንብረቴን ምድር ቤት ጥዬ፣ የሰው ሳይክል ላይ ልወጣ?»

አልገፋሁም። አልገፋሁም ስል አስተዋይ ሆኜ አይደለም፤ ከዚያ ማቆሚያ ጋር የግል ቂም ስላለኝ ነው። አገሩ እንደገባሁ ገና በመጀመሪያው ወር ሳይክሌን እዚያ አቆምኩና ቸኩዬ ባቡሬን ያዝኩ። የቆመበትን ቁጥር አልያዝኩም፣ ፎቁንም አላስተዋልኩም፤ «በሩ አጠገብ» ብዬ ነበር ልቤ ላይ የጻፍኩት። ማታ ስመለስ በሩ ብዙ ሆኖ ጠበቀኝ። ሳይክሎቹ ሁለት ደርብ ሆነው ተሰልፈዋል፤ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ከዚያ ደግሞ ጥቁር። ቁልፌን በጣቴ አንጠልጥዬ በጥምቀት ሕዝብ መሀል ልጅ እንደጠፋበት አባት ስዞር አመሸሁ። ብቻዬን እንዳልነበርኩ መናገር አለብኝ። ቁልፍ ያንጠለጠሉ ነጮችም በየመደዳው እየዞሩ ነበር፤ ስንተላለፍ አንገታችንን እንነቀንቃለን፣ እንደ ማኅበርተኛ። ከዚያ ወዲህ ሳቆመው ቁጥሩን በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ። ከልጄ ፎቶ ይልቅ የማቆሚያ ፎቶ የበዛው ስልክ የእኔ ነው።

ጋሼ በበኩላቸው ወደ አገር ቤት ሄደው ነበር፣ በሐሳብ። «ረዳት ቢኖር» አሉ። «አንድ ረዳት ቢኖር ይሄ ሁሉ የለም።» በወጣትነታቸው ሳይክላቸውን ከባህር ዳር ወደ ጎንደር በአውቶቡስ ወስደው ያውቃሉ። ረዳቱ ሳይክሉን አይቶ የሰው ሂሳብ ጠየቀ፣ እሳቸው ሳይክል ምሳ አይበላም ብለው ተከራከሩ፣ በግማሽ ተስማሙ። ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ወጣ፣ ሳይክሉን በአንድ እጁ ሳበው፣ ከአንድ ሙክት በግ ጎን ጠፍሮ አሰረው። ደንብ የለ፣ ሰዓት የለ። ጎንደር ሲደርሱ አንዱ ፔዳል የለም፣ የፊት ጎማው ስምንት ቁጥር ሠርቷል፣ በጉ ደግሞ መንገድ ረዝሞበት የኮርቻውን ስፖንጅ ግጦታል።

«ግን ገባ» አሉ ጋሼ። «ዋናው ገባ።»

ይቺ «ገባ» የምትለዋ ቃል ነች የምታጠፋን። ሳይክልን ከባቡር ጋር ማስማማት ሲባል ሁላችንም ዐይናችን ላይ የሚመጣው ሳይክሉ ባቡሩ ውስጥ ሲገባ ነው። እስቲ አስቡት። ሆላንድ ውስጥ ሰዉ 18 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ሳይክሉ 23 ሚሊዮን ያህል። ከባቡር ተሳፋሪዎቹ ከመቶ 40 የሚሆኑት ከቤታቸው እስከ ጣቢያ የሚመጡት በሳይክል ነው። እነዚህ ሁሉ «የራሴን ካልያዝኩ» ቢሉ ባቡሩ በካተናና በማኑብሪዮ ተሞልቶ ሰው ጣሪያ ላይ፣ ከጋሼ በግ ጎን፣ ሊሄድ ነው። ጠዋት 7:30 ላይ አንድ ሳይክል ያስገባ ሰው የሁለት የሦስት ሰው መቆሚያ ወሰደ ማለት ነው፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ ቡና በእጃቸው ይዘዋል።

ስለዚህ ደቾቹ ቀለል ያለ ነገር አደረጉ፣ ሳይክሉንና ባቡሩን ለያዩ። ቁም ነገሩ ያለው ከባቡሩ ውጭ ነው፤ ባቡሩ ራሱ የሰው ነው። በየቀኑ ወደ ሌላ ከተማ የሚመላለስ አንዳንድ ደንበኛ ሁለት ሳይክል አለው። ደኅናው ቤቱ ያለበት ጣቢያ ይውላል። ሁለተኛው፣ ሌባ እንኳ የሚራራለት ዝገታም፣ መሥሪያ ቤቱ ያለበት ጣቢያ ቆሞ ጌታውን ይጠብቃል። በአገር ቤት ቋንቋ ሁለት ቤት ማስተዳደር ነው፤ ግን የቅናት ነገር የለበትም።

የራሱ ጣጣ የለውም አልልም። ሁለተኛው ሳይክል ይረሳል። ሥራ ይቀየራል፣ ፍቅር ይፈርሳል፣ ጌታው በዚያ ጣቢያ መውረድ ይተዋል፤ ሳይክሉ ግን ታስሮ ይቀራል፣ ጎማው ይሟሽሻል፣ ሸረሪት ያደራበታል። ደቾቹ ለዚህ ስም አላቸው፣ የሙት ልጅ ሳይክል ይሉታል። ማዘጋጃ ቤቱ መጀመሪያ ማስታወቂያ ያስርበታል፤ የሚመጣ ከጠፋ ቆርጦ ይወስደዋል። ቢያንስ ይህ ደረቅ ሞት ነው። አምስተርዳም ላይ በየዓመቱ ከ10,000 በላይ ሳይክል ከቦዩ ውኃ ውስጥ በመንጠቆ ይወጣል። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ዋናው ጣቢያዋ ፊት ለፊት፣ ከውኃ ሥር፣ 7,000 ሳይክል የሚይዝ ማቆሚያ ከፈተች። ሳይክሉ መቼም ውኃ ሥር መግባቱ ካልቀረ በሥርዓት ይግባ ያሉ ይመስላል።

የአውሮፓ ኅብረት እንደ ጋሼ «ይግባ» ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የባቡር ተሳፋሪዎች መብት ደንብ፣ አዳዲስ ባቡሮች ቢያንስ አራት የሳይክል ቦታ እንዲኖራቸው አዟል። ለጋሼ ይህን ዜና ያበሰርኳቸው እኔ ነኝ። በደስታ ብድግ አሉ።

«በአንድ ፉርጎ አራት?»

«በአንድ ባቡር።»

ተመልሰው ተቀመጡ።

አምና አዲስ አበባ ሄጄ ታናሽ ወንድሜ ስለ ሆላንድ ሲጠይቀኝ ያው ጥያቄ ነው የመጣው። አዲሶቹን የሳይክል መንገዶች እያሳየኝ ነበር፤ ቅዳሜ ነው፣ መንገዱ ላይ ሁለት ሕፃናት በሳይክል፣ አንዲት እናት በጋሪ፣ አንድ ሙሽራ ከነሚዜዎቹ በፎቶ። «እናንተ ጋ ሳይክል ባቡር ውስጥ ይገባል አሉ» አለኝ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እንደማይገባ ነገርኩት። ሳቀ።

«ይሄማ እኛም ጋ አለ። በሥራ መግቢያ ሰዓት እኛ ራሳችንም አንገባም።»

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው የከተማችን ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተዘርግቶለታል። ሳይክሉን ከነኮተቱ ደረጃ አውጥቶ እዚያ ግፊያ ውስጥ ላስገባ የሚል ጀግና እስካሁን አላየሁም። ጣቢያው ሥር ጥላ ያለበት ማቆሚያና ዐይኑን የማይነቅል ጥበቃ ቢኖር ግን ወንድሜ እንኳ ይሞክረዋል። ሌላው ችግር የከተማው ዳገት ነው፤ እሱን ለጉልበቱ ትቼዋለሁ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ያን ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሞላ ገባን። ሮተርዳም ደርሰን ጋሼ ሳይክላቸውን ከጣቢያው አውጥተው ሊነዱ ሲሉ ዝናብ ወረደ፤ የክርስትናው ቤት ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዱን። ሳይክሉ መኪናው ውስጥ ስለማይገባ ጣቢያው አጠገብ ታስሮ አደረ። በሁለተኛውም ቀን ዝናብ፣ በሦስተኛው ደግሞ በመኪና ወደ ኡትሬክት የሚመለስ ዘመድ ተገኘ። እንዲህ ሆኖ ነው ጋሼ፣ ሳያቅዱ፣ ሮተርዳም ላይ ሳይክል ያላቸው ሰው የሆኑት። የክርስትና ልጃቸውን ሊጠይቁ በሄዱ ቁጥር ከባቡር ወርደው ቁልፋቸውን ያወጣሉ። ነገሩ ጣማቸው። ለኡትሬክት ሌላ ገዙ። ለሥራቸው ሲሉ አመርስፎርት ላይ ሦስተኛ አቆሙ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ላይ ስለ ሳይክልና ባቡር የሚሰብኩን እሳቸው ናቸው፤ ሳይክሉን ባቡር ውስጥ የሚያስገባ ሰው ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጣሉ።

ባለፈው አብረን ሮተርዳም ወረድን። ጋሼ ሦስቱን ቁልፎች እያቃጨሉ ወደ ጥቁሩ ሳይክል ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያው አልከፈተም። ሁለተኛው አልከፈተም። ሦስተኛውን በግድ ሲያዞሩት ከኋላችን አንዲት የሰባ ዓመት ግድም ደች ሴት ቁልፍ ይዘው በትዕግሥት ቆመዋል።

«ይቅርታ፣ የእኔ መሰለኝ» አሉ ሴትዮዋ።

ጋሼ ገለል አሉ። ሴትዮዋ ከፈቱ፣ ወጡበት፣ ሄዱ፤ በእርግጥም የአያት ሳይክል ነበር። የጋሼ ከጎኑ ነው፣ ጎማው ተንፍሶ፣ ማኑብሪዮው ላይ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ታስሮበት። እስከዚህ ቀን ካልተነሣ ይወሰዳል ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበቡትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ቀን በእነሱ ነው በእኛ?»