የዳማው ጉንፋን

ፈረሳችሁ በአንድ አፍንጫው ብቻ እየፈሰሰ የሚሸት ከሆነ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። ይህን የምላችሁ ሐኪም ስለሆንኩ አይደለም። ለሽምግልና የለበስኩት ኮት ላይ የፈረስ መግል ተቀብዬ፣ በዚያው ኮት ሰው ቤት ገብቼ ተቀምጬ የተማርኩት ነው። ቡናው እስኪፈላ ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ወሬው ብዙ ቦታ ይረግጣልና ቢረዝምባችሁም ታገሡኝ።

አጎቴ ቢሾፍቱ ውስጥ ባለጋሪ ነው። ባጃጅ ከተማውን ከሞላው ወዲህ ሰው መጫኑ ቀንሶበት አሁን የሚያመላልሰው ሲሚንቶ፣ ጭድና የገበያ እህል ነው። ፈረሱ መልኩ ዳማ ስለሆነ ስሙም ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው። አጎቴ ጠዋት ሻይ ሳይቀምስ ለዳማ ፉርሽካ ያቀርባል፤ ማታ ሲገባ ደግሞ ቤቱን ደህና አመሻችሁ ሳይል የዳማን እግር ይዳስሳል። ሚስቱም ለምዳዋለች። እንግዲህ የዚህ የተወደደ ፈረስ የግራ አፍንጫ ከክረምት ጀምሮ ይፈሳል። ይወጋል፣ ይደርቃል፤ ጥቂት ይሰነብትና ይመለሳል። ደግሞ ይወጋል፣ ደግሞ ይደርቃል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ አንዱ የሲሚንቶው ብናኝ ነው አለ፣ ሌላው ዓይን ነው አለ። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ “የኔም ሳይነስ እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ፤ ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል” ብለው ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥረው ላኩለት።

አንድ ቅዳሜ አጎቴ ሞጆ ቀብር ነበረበት። “አንተ ልጅ፣ ዳማን ውሰድና ያቺን መርፌ አስወጋልኝ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብህም” አለኝ። እኔ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ ነኝ። ዕድሜዬ ደርሶ አይደለም፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ወገባቸውን ይዟቸው በእሳቸው ቦታ ተተክቼ ነው። ጓደኛዬ የሚወዳት ልጅ ቤት ልንገባ ቀጠሮ ይዘናል። ኮቱን ያዋሰኝም ራሱ አጎቴ ነው፣ የሠርጉን ኮት። መርፌው ግማሽ ሰዓት ከሆነ ለብሼው ልሂድ፣ ከዚያው በቀጥታ ወደ ሰዎቹ ቤት አልፋለሁ ብዬ ለበስኩት፤ ልጓሙን ይዤ ወጣሁ።

ከመውጣታችን በፊት ግን ያየሁት ነገር አለ። ዳማ ከሚታሰርበት ሥር የታኘከ ጭድ እየተድበለበለ ወድቋል። አንዱን አነሳሁት። እርጥብ ነው፣ የዶሮ እንቁላል ያህላል፤ ጭዱ ግማሹ ተፈጭቶ ግማሹ እንደገባ ነው። ምራቁ ጣቴ ላይ ሲደርቅ ደስ የማይል ጠረን አለው። የአጎቴ ልጆች በእግራቸው እየመቱ ሲጫወቱበት ከርመዋል። ማንም ግን ዳማ ለምን ምግቡን ከአፉ እንደሚጥል የጠየቀ የለም፤ ብዙ ስለቀረበለት ጠግቦ ነው የሚባለው።

ክሊኒኩ ስንደርስ ወረፋው ጀርባው የቆሰለ አህያ፣ እግሩን ያነከሰ በቅሎ ነው። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ የጎማ ቦቲ አድርጋለች። “መርፌ ሊወጋ ነው” አልኳት።

“ቆይ ወንድሜ፣ ስንተኛ መርፌው ነው?”

“ኧረ ብዙ ነው።”

“በሁለቱም አፍንጫው ነው የሚፈሰው?”

“በግራው ብቻ።”

“ምግብ ይጥላል?”

ስለ ጭዱ ድብልብል ነገርኳት። ያን ጊዜ ጎንበስ አለችና የዳማን አፍንጫ ተጠግታ አሸተተች። “ና አንተም አሽትት” አለችኝ። አሸተትኩ። ቀኙ የሣርና የፈረስ ጠረን ነው፣ ደስ ይላል። ግራው ግን ወደ ኋላ አስፈነጠረኝ። ከዓይኑ በታች ያለውን አጥንት በጣቷ ስታንኳኳ ደግሞ ቀኙ ክፍት ድምፅ ሰጠ፣ ግራው ታፈነ። “ይኸው፣ ሞልቷል። ይሄ ጥርስ ነው” አለች።

ጥርስና አፍንጫ ምን አገናኛቸው አትሉም? እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ እሷም አስረዳችኝ። የፈረስ ጭንቅላት ያን ያህል ረዝሞ የማይከብደው ውስጡ አየር የያዙ ጓዳዎች ስላሉት ነው፤ ሳይነስ የሚባሉት እነሱ ናቸው። በላይኛው መንጋጋ በየጎኑ ስድስት ስድስት የመንጋጋ ጥርስ አለ፤ ከስድስቱ የኋለኞቹ ሥራቸው የሚያርፈው በዚሁ ጓዳ ወለል ላይ ነው፣ በመሐል ያለው አጥንትም ስስ ነው። ጥርሱ ሲሰነጠቅ ምግብ ይሸጎጥበታል፣ ይበሰብሳል፤ መግሉ ሥሩን ተከትሎ ወደ ጓዳው ይወጣል። ጓዳው ወደ አፍንጫ የሚከፈትበት መንገድ ጠባብ ስለሆነ መግሉ እዚያው ይጠራቀምና የሚተርፈው በዚያው ወገን አፍንጫ ይወርዳል። ከሳንባ የሚመጣ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም አፍንጫ ነው የሚወጣው። በመርፌ የሚወጋው ፔኒሲሊን ለጊዜው ያደርቀዋል፤ የተሰነጠቀው ጥርስ ግን ቦታው ላይ ነውና መልሶ ይሞላዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ ጥርሱ ባጠፋው አፍንጫው ስንት ወር ሙሉ ሲወቀስ ከረመ። ፈረስ ደግሞ እንደኛ አፉን ከፍቶ መተንፈስ አይችልም፣ ያለው አፍንጫው ብቻ ነው። ዳማ በዚያ በታፈነ አፍንጫው ሲሚንቶ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ከርሟል ማለት ነው። ይህን ስሰማ ሆዴ ባባ።

ዶክተሯ ማደንዘዣ ወጋችው። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩ ተንጠለጠለ፣ አንገቱ ወረደ፤ “ራሱን ደግፈህ ያዝልኝ” ስትለኝ ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩት። የፈረስ ራስ ስንት ኪሎ እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በብረት መክፈቻ አፉን ከፍታ፣ ባትሪ ግንባሯ ላይ አስራ፣ እጇን እስከ ክንዷ አስገባች። “ና እይ” ስትለኝ ባልደረባዋ ትከሻውን ተካኝና አጎንብሼ አየሁ። የላይኛው ግራ ረድፍ አራተኛው ጥርስ ከፊት ወደ ኋላ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የጠቆረ ጭድ ተሰክቷል። አራተኛው ጥርስ በብዛት የሚታመመው እሱ ነው አለችኝ፤ ፈረሱ ገና አንድ ዓመት ሲሆነው የሚበቅል ስለሆነ ከሌሎቹ ቋሚ የመንጋጋ ጥርሶች በዕድሜ ይበልጣል።

ከጥርሱ ይልቅ የከነከነኝ ግን ጉንጩ ነው። የፈረስ ጥርስ እድሜውን ሙሉ ከድዱ እየወጣ በዓመት 2 እስከ 3 ሚሊሜትር በማኘክ ይሳሳል። የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ጠበብ ስለሚል ግን እኩል አይበላም፤ የላይኞቹ በጉንጭ በኩል፣ የታችኞቹ በምላስ በኩል ሹል ጠርዝ ያወጣሉ። ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲግጥ የሚውል ፈረስ መንጋጋውን ወደ ጎን እያንሸራተተ ብዙ ያሳሳዋል። በከረጢት ፉርሽካ የሚበላ የጋሪ ፈረስ ግን የሚያኝከው ጥቂት ሰዓት ነው። የዳማ ጉንጭ ከውስጥ ተቆራርጧል፤ አንዳንዱ ቁስል የዳነ፣ አንዳንዱ ትኩስ ነው። እዚያ ላይ ልጓም እንስብበታለን። ወደ ግራ አልዞር ሲል፣ ራሱን ወደ ላይ ሲወረውር፣ ግትር ነው ይባልና ጅራፍ ይወርድበታል። ስንት ፈረስ በጥርስ ሕመም እንደተገረፈ ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ገበያ ላይ እኮ የፈረስን አፍ የማይከፍት ገዢ የለም። ከንፈሩን ገልጦ የፊት ጥርሱን ያያል፤ አምስት ዓመት ሲሞላው የወተት ጥርሱን ጨርሶ ስለሚለውጥ በዚያ ዕድሜውን ይገምታል፣ በዚያ ዋጋ ይቆርጣል። ከዚያ በኋላ ያ አፍ ዳግም እስኪሸጥ አይከፈትም። የፊት ጥርስ የሚሠራው ሣር መቁረጡን ነው፤ የሚፈጨው ከኋላ ነው፣ የኋላውን ደግሞ ያለ መክፈቻና ያለ ባትሪ ማንም አያየውም።

ጥርሱ ተነቀለ። ሲወራ አጭር ነው፤ ሲነቀል ግን ስልኬ በኪሴ እየጮኸ፣ ሽማግሌዎቹ “የት ደረስክ” እያሉ፣ ዶክተሯ በላብ ተጠምቃ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች ነው። ጥርሱ ሲወጣ አፉ ውስጥ ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ነበር የበዛው፤ የወጣት ፈረስ የመንጋጋ ጥርስ እስከ 10 ሳንቲሜትር ሊረዝም ይችላል፣ አብዛኛው አጥንት ውስጥ የተቀበረ ነው። ጉድጓዱን ምግብ እንዳይገባበት ደፈነችው። ከዓይኑ በታች ያለውን ቦታ አደንዝዛ ትንሽ ቀዳዳ ሰረሰረችና በቱቦ የጨው ውሃ ለቀቀችበት። ራሱን መልሼ ትከሻዬ ላይ ይዤዋለሁ። ውሃው ጓዳውን አጥቦ በግራ አፍንጫው መግልና የበሰበሰ ጭድ ይዞ መውረድ ጀመረ፤ ዳማን ኮረኮረው መሰለኝ፣ እንቅልፉ ውስጥ እንዳለ ሳንባውን ሞልቶ አነጠሰ። ከአገጬ እስከ ኪሴ ደረሰኝ። ኮቱ፣ ሸሚዙ፣ ክራቫቱ። ዶክተሯ “ጎበዝ! ይኼ ነው የሚፈለገው!” አለች፤ ለዳማ ነው።

በክሊኒኩ ሳሙና ሦስቴ ታጠብኩ፤ አልለቀቀም። ዳማን ባልደረባዋ ዘንድ ትቼ በባጃጅ ስሄድ ሾፌሩ መጋረጃውን ሰብስቦ አሰረው፣ ምንም አላለኝም። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አንደኛው ወደ እኔ ቀረቡና ወዲያው ራቁ። “ምን ረግጠህ ነው ልጄ?” አሉኝ። ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም፣ በሩ ተከፈተ።

ቤቱ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ቡና ቀርቧል። መሐል ነው ያስቀመጡኝ። የልጅቷ እናት ዕጣን ጨመሩ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ጨመሩ። ከዚያ መስኮት ከፈቱ። በቀኜ ያሉት ሽማግሌ “የመጣንበት ጉዳይ…” ብለው ጀምረው በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ያዙ፤ ንግግሩ በነጠላ ውስጥ ቀጠለ። ትንሹ ወንድሟ ቆሎ ሊያቀርብልኝ መጥቶ እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ዘግኜ እስክጨርስ ትንፋሹን ይዞ ነበር። እኔ ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የምረቃ ፎቶ አየሁ፤ ልጅቷ ጓዳ ውስጥ እንዳለች፣ ሽታውም ጓዳ እንደሚደርስ አሰብኩ፤ ላብ ሲያልበኝ ኮቱ ሞቀ፣ ሲሞቅ ባሰ።

አባትየው ሲያዩኝ ቆይተው “ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ፈረስ ታሞብሃል?” አሉኝ። ደነገጥኩ። “አዎ አባቴ፣ የአጎቴ ነው።” “የመንጋጋ ጥርሱ ነው አይደል? በአንድ አፍንጫው ይፈሳል?” ሰውየው የአዊ ሰው ናቸው፣ ከእንጅባራ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ሆነው በየዓመቱ ጥር 23 ሲጋልቡ የኖሩ። እሳቸውም እንደ ዳማ ያለ ፈረስ ነበራቸው፤ ጉንፋን ነው እየተባለ ጭስ ታጥኖ፣ ተወግቶ፣ መብላት ትቶ አጥንቱ ሲቀር ለጋሪ ሸጠውታል። “በጥር በብር ጌጥ አሸብርቀነው እንወጣ ነበር፤ አፉን ግን አላየንለትም” አሉ፣ ድምፃቸው ተሰበረ። ኮቴን አስወልቀው ውጭ አሰጡልኝ፣ ጋቢ ደረቡልኝ፣ ስለ ቀዳዳውና ስለ ጨው ውሃው እየደጋገሙ ጠየቁኝ። ሽምግልናው በሌላ ቀን ቀጠለ፤ እሱን ሌላ ጊዜ አጫውታችኋለሁ።

ዳማ በቱቦው ለቀናት ታጥቦ አፍንጫው ደረቀ፤ ጭድ መጣሉን ተወ። ከተነቀለው ጥርስ ፊት ለፊት ያለው የታችኛው ጥርስ የሚያሳሳው ስለሌለ በየስድስት ወሩ መሞረድ አለበት። አጎቴ ቀኑን በሚስቱ ስልክ አስመዝግቧል። አሁን የጋሪ መቆሚያው ላይ የሚያገኘውን ባለጋሪ ሁሉ ፈረስህ ምግብ ይጥላል ወይ እያለ ይጠይቃል። ባለፈው አንዱ “የኔ እንኳ ደህና ነው፣ ወደ ግራ አልዞር ማለቱ ነው እንጂ፣ ዓመሉ ነው” አለው። አጎቴ የፈረሱን ጉንጭ ከውጭ በኩል በመዳፉ ጫን ሲያደርገው ፈረሱ ራሱን ነጠቀ።

“ነገ ሥራ ሳትጀምር እንውሰደው” አለው አጎቴ። “ዶክተሯ ሁለት ሰዓት ላይ ትገባለች።”