ሰዓቱን ለፈረሱ እሰሩለት

ጤና ድሮ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ ባለቤቱ እንኳ ካልታመመ በስተቀር የማያስታውሰው ነገር ነበር። አሁን ተመስገን ነው፤ ወደ ላይ ወጥቶ ይለበሳል። ባሌ ሮቤ ውስጥ ማን ጤነኛ እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር መቆም ይበቃል። ጭቃ የለበሰ ቦቲ አጥልቆ ዱላውን ትከሻው ላይ ጋድሞ የሚያልፈው ሰው ጤና የለውም። ነጭ ስኒከር የተጫማው፣ ቱታው ያልተጨማደደው፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ጥቁር ሰዓት ያሰረው ግን ጤነኛ ነው። ባጃጅ እየጠበቀ ነው።

ባጃጁ ጂም ያደርሰዋል። ከቤቱ እስከ ጂሙ በእግር አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ግን በእግር ከሄደ ጫማው ይቆሽሻል፣ ሰውም ያየዋል። በእግር መሄድ እኮ ባጃጅ ላጣ ሰው ነው። ስለዚህ ከፍሎ ይሄዳል፣ ደርሶ ሌላ ይከፍላል፣ መሮጫው ማሽን ላይ ይወጣና ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ አርባ ደቂቃ በእግሩ ይሄዳል። ሲጨርስ ባጃጅ ይጠራል።

ይህ ሰው ጎረቤቴ ነው። ደግ ሰው ነው፤ እሱን አልጠላውም። የምጠላው ጥያቄውን ነው። ባገኘኝ ቁጥር መጀመሪያ ቦርጬን፣ ቀጥሎ ፊቴን ያይና ሰላምታውን ዘሎ «አንተ፣ ስፖርት አትሠራም እንዴ?» ይለኛል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለኝ ከወፍጮ ቤት ግማሽ ኩንታል ዱቄት ተሸክሜ ስወጣ ነው። እሱ ባጃጅ ውስጥ ነበር፤ አንገቱን ብቅ አድርጎ።

የማሽኑን ጥቅም ግን አልክድም። ቀድሞ በዚህ አገር ገብስና ስንዴ የሚወቃው በአውድማ ነበር፤ ከብቱ አንድ ቦታ ላይ ሲዞር ይውላል። ኮምባይነር መጣና የሲናናና የአጋርፋ በሬ ከዚህ ሥራ ተገላገለ። የተለቀቀ የሥራ ቦታ ባዶውን መተው ስለማይገባ ጎረቤቴ ገባበት። ልዩነቱ ከእሱ እግር ሥር እህል አለመውጣቱ ነው፤ በሬውም ለመርገጥ ከፍሎ አያውቅም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ ጤናም አብሮ ይቋረጣል። በሩን ከፍቶ ውጭ መሮጥ ለማንም አይታሰበውም፤ መብራት እስኪመጣ ማሽኑ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ዋናው ጌጥ ግን ሰዓቱ ነው። ሰዓቱ በቀን 10,000 እርምጃ ያዛል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሐኪም ያዘዘው ይመስለዋል። ያዘዘው ነጋዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ 42 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ሲገባ እንደመውደቅ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር፣ ስታዲየሙ ጉድ አለ። ጃፓን በኦሎምፒኩ ሙቀት ውስጥ እንዳለች፣ በዓመቱ አንድ ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ይዞ ገበያ ወጣ፤ 10,000 የምትለዋም ቁጥር ለማስታወቂያ ስለምትጥም ተመረጠች። ሮጦ ያሸነፈው የእኛ ሰው፣ ቆጥሮ የሸጠው የእነሱ ሰው፣ ገዝቶ የሚያስረው ደግሞ መልሶ የእኛ ሰው ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 ዓመት የሆነ አሜሪካዊያን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ዕድሜ በማርዘም በኩል ያለው ጥቅም 7,500 ገደማ ላይ እንደሚገታ አሳይቷል። ይህንን ለጎረቤቴ ብነግረው «እሱ ለአሮጊት ነው» አለኝ። ወተት የሚያመጡልን አዴ ዕድሜያቸው እዚያው ገደማ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ከገጠር ተነሥተው በእግራቸው ይመጣሉ፣ በእግራቸው ይመለሳሉ። ሰዓት ስለሌላቸው ግን አንድም እርምጃ አልተራመዱም።

10,000 ሁልጊዜ አይሞላም፤ ጭንቁ ይኼ ነው። አንድ ምሽት ጎረቤቴ እጁን እያወናጨፈ ሳሎኑን ሲዞር በመስኮት አየሁት፤ የጎደለችውን እየሞላ ነበር። አዘንኩለት። ባሌ ተወልዶ፣ ፈረስ እንደልብ በሆነበት አገር አድጎ፣ ለእርምጃ መቸገር ምን ይባላል? ሰዓቱን ለፈረሱ ማሰር ነው እንጂ!

ቀላል ነው። ከፈረሱ የፊት እግር ላይ ጥቂት ጠጉር መላጨት፣ ማሰሪያውን ማስረዘም፣ በቃ። ፈረሱ ከዲንሾ ገበያ ደርሶ እስኪመለስ ባለቤቱ ቡና እየጠጣ የሦስት ቀን እርምጃውን ይጨርሳል። በረከቱ በዚህ አያበቃም። ፈረስ ቆሞ ሲያርፍ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ነው የሚመታው። ሰዓቱ ይህን ሲያነብ ለባለቤቱ «እንኳን ደስ አለዎ! ልብዎ የዓለም አቀፍ አትሌት ልብ ነው» ብሎ ይልክለታል። ሰውዬው መልእክቱን ለቢሮ ባልደረቦቹ ያሳያል፣ ለአማቱ ያሳያል። ያላገባ ደግሞ ሽማግሌ ልኮ ልጅ ሲያስጠይቅ የሴቷ ወገን «ሥራው ምንድን ነው?» ማለቱን ትቶ «በአማካይ ስንት ይረግጣል?» ይላል፤ ስልኩ ተከፍቶ ይታያል፣ ልጅቱም ለፈረሱ ትዳራለች።

ከዚያ ገበያው ይደራል። ደላላ ይገባበታል። የሮቤ ሜዳ እርምጃ ርካሽ ነው፣ የጎባ ዳገት ትንሽ ወደድ ይላል፣ 4,000 ሜትር ላይ የተረገጠ የሳነቴ እርምጃ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ዋጋው አይቀመስም። አንድ ፈረስ በአራት እግሩ አሥራ ሁለት ሰዓት አስሮ ሲያልፍ ካያችሁ አትደነቁ፤ አንድ መሥሪያ ቤት በሙሉ ስፖርት ላይ ነው። የዓመቱ ሪፖርት ሲቀርብ የሠራተኛው ጤና ከዕቅድ በላይ እንደተፈጸመ ይነገራል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ አበል ይታሰባል። ፈረሱ ውጭ ታስሮ ይጠብቃል።

እርግጥ ትንሽ እንከን አይጠፋም። ፈረስ በቀን የሚተኛው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ አብዛኛውንም ቆሞ ነው የሚያሸልበው። ሰዓቱ «እንቅልፍዎ አሳሳቢ ነው» ብሎ ሲያስጠነቅቅ ባለቤቱ ይደነግጣል፣ ሐኪም ዘንድ ይሮጣል (በባጃጅ)፣ የእንቅልፍ ኪኒን ይታዘዝለታል። አሥር ሰዓት ሙሉ ተኝቶ ሲነሣ ሰዓቱ አሁንም ሦስት ይላል። መጠኑ ይጨመርለታል። ደግሞ አንድ ሌሊት ሪራ አካባቢ ጅብ ይነሣና ፈረሱን ያሯሩጠዋል። ያን ጊዜ ሮቤ ከተማ ውስጥ አሥራ ሁለት ስልክ ባንድ ላይ ይጮኻል፦ «ልብዎ በደቂቃ 220 እየመታ ነው። የሚሠሩትን ያቁሙ። ቁጭ ይበሉ። በጥልቀት ይተንፍሱ።» አሥራ ሁለት ሰዎች በየሶፋቸው ቁጭ ብለው በጥልቀት ይተነፍሳሉ። በማግስቱ ሰዓቱ «ምንም እንቅስቃሴ የለም» ካለ ማን እንደሞተ ለማጣራት ለሁሉም ቤት ይደወላል።

የቀረው ጥቃቅን ነው። በገብስ አገር በሶ በጥብጦ መጠጣት የባላገር ሆኖ፣ ከውጭ የመጣ ዱቄት በፕላስቲክ ጠርሙስ መነቅነቅ ሥልጣኔ ሆኗል፤ ጭኮማ ስሙ አይነሣ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም እየተፈራረቁ ባሳደጉት ከተማ ጾምን ከስልኩ ተምሮ «በቀን 16 ሰዓት አልበላም» የሚል ሰውም አለን። ጎባ ውስጥ ደግሞ ተራራ ላይ የሚሮጥ የሚያስመስል፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ጭምብል አጥልቆ የሚሮጥ ወጣት አይቻለሁ። ጎባ 2,700 ሜትር ላይ ነው ያለችው! ፈረንጅ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሱሉልታ የሚመጣው ይህንኑ አየር ፍለጋ ነው።

ለነገሩ በባሌ ተራራ ላይ ቀድመውን የሠለጠኑም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንደሚለው ፊንጫ ሀበራ በሚባለው የድንጋይ መጠለያ፣ 3,400 ሜትር አልፎ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች ኖረዋል። ምግባቸው በብዛት ትልቁ የባሌ ፍልፈል ነበር፤ ጠብሰው ይበሉታል። ንጹህ ፕሮቲን። ፎቶ ስላላስቀሩ ግን ጤነኞች መሆናቸው አልተረጋገጠም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ያንቀኛል። ስኳርና ደም ግፊት ቀልድ አይደሉም፤ ስንቱን ከመሀላችን ወስደውታል። ለጤናው የሚሮጥን ሰው አላፌዝበትም፣ ማሽን ላይም ይሩጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ብሎ በእግር መሄድ ይበቃል፣ ቱታ አልተጠቀሰም። እኛ ግን በእግር መሄድን የድሃ ምልክት አደረግነው። ባለፈው ክረምት ወደ ጂም የሚበር ባጃጅ ወተት የሚያመጡልንን አዴ ከራስ እስከ እግራቸው ጭቃ አለበሳቸው። ተሳፋሪው ዞር አላለም፤ ሰዓቱን ያያል። እኚህ ሴት በእግራቸው ስለሚሄዱ ይናቃሉ፣ እሱ ተቀምጦ ስለሚሄድ ስፖርተኛ ይባላል። ይህ ጤና አይደለም፤ ብልግና ነው።

ይቅርታ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አንድ ቀን ከጎረቤቴና ከጓደኞቹ ጋር ቱሉ ዲምቱ ወጣን። የባሌ ጣሪያ ነው፤ 4,377 ሜትር። ደስ የሚለው መኪና ጫፉ ድረስ ይወጣል፤ ሰው እግሩን ሳያስቸግር ከፍታውን የግሉ ያደርጋል። መንገዱ ዳር ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ ነበር፤ በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም። ሹፌሩ ሊያቆም ሲል ጎረቤቴ «ቀጥል፣ ፀሐይዋ ሳትከዳን» አለው። ለቪዲዮው ነው።

ጫፉ ላይ ጃኬቱን አወለቀ። ብርዱ አጥንት ይበሳል፤ ጋቢውን ጥቅልል አድርጎ የለበሰ አስጎብኚያችን አፉን ከፍቶ ቀረ። ጎረቤቴ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ የከፍታው ቁጥር ከተጻፈበት ሰሌዳ አጠገብ ተንበርክኮ ፑሽ አፕ ጀመረ። እዚያ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ስድሳ በመቶ ቢሆን ነው። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ አራተኛው ላይ በደረቱ ተዘረረ። አስጎብኚው በብብቱ ገብቶ አነሣውና መኪናው ድረስ ደግፎ ወሰደው።

ጎረቤቴ ትንፋሹ ሲመለስለት መስኮቱን ዘጋና «እዚህ አየሩ ለጤና ጥሩ አይደለም» አለን። ማታ በለጠፈው ቪዲዮ ላይ አርባ ሠርቷል።