ስለ ቡሽ ምስክርነት የቀረበ ጥናት

ባሕር ላይ በተዘረጋ ድልድይ ቆሞ ጣት የምታህል ዓሣ በመንጠቆ መያዝ እስካሁን እንደ መዝናኛ ብቻ ሲታይ ቆይቷል። ይህ ጥናት ግን ጉዳዩን ሙሉ የእውቀት ዘርፍ አድርጎ ይወስደዋል። ምክንያቱም ይህን ያህል መሣሪያ፣ ይህን ያህል ክርክርና ይህን ያህል ጥቂት ውጤት ያለው ሥራ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ እምብዛም አይገኝም።

የጥናቱን ቦታ መምረጥ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የታሰበው እንግሊዝ አገር፣ በቴምዝ ወንዝ አፍ ላይ ያለው የሳውዝኤንድ ፒየር ነበር። ፒየር ከዳርቻ ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚገባ፣ ሌላ ዳርቻ ግን የማይደርስ ድልድይ ነው፤ የሳውዝኤንዱ 2.16 ኪሎ ሜትር ሄዶ ነው የማይደርሰው። የረዘመው በከንቱ አይደለም። እዚያ ባሕሩ በጎደለ ቁጥር እጅግ ርቆ ስለሚሸሽ፣ አጭር ድልድይ ቢሠራ ኖሮ ግማሹን ቀን ጭቃ ላይ ቆሞ ይውል ነበር። በላዩ ባቡር ይመላለስበታል። እ.ኤ.አ. በ1959፣ በ1976 እና በ2005 እሳት በልቶታል፤ በ1986 ደግሞ አንድ መርከብ መሐሉን በጥሶት አልፏል። ይሁንና ጣት የምታህል ዓሣ ዘንድ በባቡር መሄድ ከማዕረጓ በላይ ማክበር መስሎ ስለታየ፣ ጥናቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ዶርሴት ጠረፍ ተዛውሮ በስዋኔጅ ፒየር ላይ ተካሂዷል።

የስዋኔጁ 200 ሜትር አይሞላም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የተሠራው በእንፋሎት መርከብ የሚመጡ ሽርሽረኞች እንዲወርዱበት ነበር። የወለሉ ሳንቃዎች ላይ ለጥገናው ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ስም በትንንሽ የናስ ሰሌዳ ተጽፎ ተመትቷል። ከሥር ደግሞ ግሪብል የሚባል ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሆን የባሕር ፍጥረት ምሰሶዎቹን ይበላል። ከላይ ያሉት እየከፈሉ፣ ከታች ያሉት እየበሉ ድልድዩ እስካሁን ቆሟል፤ አሠራሩ ለአገራችን አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ መሣሪያው እንግባ። አጥማጁ 4 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዘንግ፣ ከዘንጉ ላይ ማጠንጠኛ፣ ከማጠንጠኛው ላይ ፀጉር የሚያክል የናይለን ክር፣ ከክሩ ጫፍ ከስንዴ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ መንጠቆ አለው። በዘንጉና በመንጠቆው መካከል ያለው ሥልጣን ሁሉ ግን የቡሹ ነው። ቡሽ ይባል እንጂ ዛሬ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ጫፉ ቀይ ወይም ብርቱካን ቀለም የተቀባ፣ ውኃ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም። ከውኃ በታች የሚሆነውን ሁሉ ለአጥማጁ የሚነግረው እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ጥናት ቡሹን እንደ ምስክር ቆጥሮ የምስክርነቱን ዓይነትና ክብደት መርምሯል።

ምስክሩ ከመቆሙ በፊት መዘጋጀት አለበት። ክሩ ላይ ስንጥቅ ያላቸው ጥቃቅን ክብደቶች በጥርስ ወይም በጉጠት እየተነከሱ ይያዛሉ። ክብደቱ ሲያንስ ቡሹ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፤ ዓሣ ቢነካካውም ትንፍሽ አይልም። ሲበዛ ገና ቃሉን ሳይሰጥ ይሰምጣል። ትክክለኛው ምስክር ሊሰምጥ አንድ ፍሬ የቀረው ነው። እነዚህ ፍሬዎች ድሮ እርሳስ ነበሩ። ስዋን የሚባሉት ነጫጭ ትልልቅ ወፎች ከወንዝ ዳር እየለቀሙ ሲውጧቸው ይመረዙ ስለነበር፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ከ0.06 ግራም እስከ 28.35 ግራም የሚመዝን የአጥማጅ እርሳስ እንዳይሸጥ አግዳለች። ከ0.06 በታች ያለው አልተከለከለም። ይህን ቁጥር ያረቀቀው ባለሥልጣን ራሱ አጥማጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ሌላ ሰው እዚያ ድረስ ወርዶ አይከራከርም።

ቀጥሎ ማባበያው ነው። ከማኬሬል ዓሣ የተቀደደ ቁራጭ፣ የዳቦ ልብ ወይም ራግወርም የሚባለው የባሕር ትል ይሆናል። ይህ ትል መንጠቆ ላይ ሲሰካ አጥማጁን መልሶ ይነክሳል። ከዚህ ሌላ መንጠቆ ላይ የማይሰካ፣ ዓሣዎችን ለመሰብሰብ ብቻ የሚረጭ ፍትፍት አለ፤ የረጠበ ዳቦ፣ የተፈጨ ዓሣና የዓሣ ዘይት ታሽቶ ይዘጋጃል። መጠኑ ሊያዝ ከታሰበው ዓሣ ብዙ እጥፍ ነው። ፍትፍቱን የሚያቦካው ሰው እቤቱ ሊጥ ነክቶ የሚያውቅ መሆኑን ለማጣራት የተደረገው ሙከራ በባለቤቱ ሳቅ ተቋርጧል።

አሁን ወደ ምስክርነቱ። ቡሹ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ትንንሾቹ ማባበያውን እየቆነጠሩት ነው፤ ይህ ወሬ እንጂ ምስክርነት አይደለም። ቁልቁል ጥፍት ሲል ግን ነገሩ አለቀ፤ ዘንጉ መነሣት አለበት። ወደ ጎን በቀስታ ሲጓዝ ወይ ዓሣ ነው ወይ የውኃው ጉዞ ነው፣ በዚህ ላይ ሁለት አጥማጆች ተስማምተው አያውቁም። ለተመራማሪ ትልቁን ደስታ የሚሰጠው ቡሹ ሳይሰምጥ ውኃው ላይ ጋደም ሲል ነው። ጋርፊሽ የሚባለው ቀጭን ረጅም ዓሣ ማባበያውን ይዞ ወደ ላይ ሲዋኝ ክብደቱ ከክሩ ላይ ይነሣና ቡሹ በጎኑ ይተኛል። ጋርፊሽ አፉ እንደ ወፍ ምንቁር የሾለ፣ አጥንቱም አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴነቱ የዚህ ጽሑፍ ሽሙጥ ሳይሆን የተፈጥሮ እውነት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ሞገድ አለ። ሞገድ በየደቂቃው የሐሰት ምስክርነት ይሰጣል፣ አጥማጁም በየደቂቃው ያምነዋል።

የጥናቱ ዋና ባለጉዳዮች ግን ከጋርፊሽም ያነሱ ናቸው። ሳንድ ስሜልት አለች፤ ጎኗ ላይ የብር መስመር የተሰመረባት፣ ብታድግ 20 ሴንቲ ሜትር የማታልፍ፣ በመንጋ የምትሄድ። ኮርክዊንግ ራስ አለ (ራስ የወገኑ ስም ነው፣ ማዕረግ አይደለም)። ወንዱ ኮርክዊንግ በመራቢያ ወቅት ከባሕር ሣር ጎጆ ይሠራል፤ ሴቲቱ እንቁላሏን ጥላ ስትሄድ ጠባቂው፣ በክንፉም ውኃ እያራገበ አየር የሚሰጠው እርሱ ነው። በዚህ መካከል ሴት መስለው የሚኖሩ ሌሎች ወንዶች ተሹለክልከው ገብተው ድርሻቸውን ጥለው ይወጣሉ። እንዲህ ያለ የቤት ጣጣ ያለበት ፍጡር በቁራጭ ትል ተታልሎ ሲወጣ ፎቶ ተነሥቶ ይለቀቃል። ወደ ጎጆው ሲመለስ የሚጠብቀው ነገር ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

የቁመት ነገር ከተነሣ እዚህ ላይ አንድ ሕግ መውጣት አለበት፦ ዓሣው እያነሰ በሄደ ቁጥር እውቀቱ ይበዛል። ሻርክ የሚይዝ ሰው ወፍራም ገመድና ትልቅ መንጠቆ ይበቃዋል። የእንግሊዝ የመንጠቆ ዓሣ ክብረ ወሰን መዝጋቢዎች ግን አንድ ፓውንድ ለማይሞሉት ዝርያዎች የብቻ መዝገብ አላቸው፤ ሚዛኑም በድራም ነው፣ አንድ ድራም 1.77 ግራም ይሆናል። ከዚህ የባሰውን የፈለገ ወደ ጃፓን ይሂድ። እዚያ ታናጎ የሚባል የወንዝ ዓሣ አለ፤ የአጥማጁ ምኞት ዓሣው 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የአንድ የን ሳንቲም ላይ ሲጋደም እንዲተርፈው ሳይሆን እንዲበቃው ነው። ለዚህም መንጠቆውን በማጉያ መነጽር እያየ ይሞርዳል።

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የቆመ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይላል? እዚያ አስጋሪው መረቡን ጎትቶ ቆሮሶውን ለገበያ ያወርዳል፣ ገዢው ይከራከራል፣ አባ ኮዳም ተራውን ቆሞ ይጠብቃል፤ እያንዳንዱ ለምን እንደመጣ ያውቃል። ስዋኔጅ ላይ ያለው አጥማጅ ግን የያዘውን ወደ ባሕር መልሶ፣ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከኖርዌይ ወይም ከአይስላንድ ባሕር ተጉዞ የመጣ የኮድ ዓሣ ከድንች ጥብስ ጋር ይገዛል። የአባ ኮዳን ቦታ የያዘው የባሕር ወፍ፣ ሲጋል፣ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ድንቹን ከሰው እጅ ይነጥቃል። የሥራው ሁሉ እውነተኛ አትራፊ እርሱ ይመስለኛል።

መንግሥትም ቢሆን ነገሩን በአግባቡ ተረድቶታል። እንግሊዝ ውስጥ በወንዝና በሐይቅ በዘንግ ለማጥመድ ፈቃድ ይገዛል፤ በባሕር ግን አያስፈልግም። ባስ የሚባለው ዓሣ 42 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ይመለሳል። ይህ ሕግ የቡሽ አጥማጁን ምንም አይጎዳውም፤ የእርሱ ባስ መቼም አይሞላም።

የሚያልፉ ሰዎች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፣ «የያዝከው አለ?»። መልሱም በየትኛውም ባሕር ዳር አንድ ነው፣ ትናንት ብትመጡ ኖሮ። ትናንት በዚህ ዘርፍ ውስጥ እጅግ ዓሣ የበዛበት ቀን ነው፤ ነገ ይከተለዋል። ዛሬ ግን ወይ ነፋሱ ዞሯል፣ ወይ ውኃው ጠርቷል፣ ወይ ባሕሩ ገና አልሞላም። በዚህ በኩል ስዋኔጅ ልዩ ችግር አለባት፤ በዚያ ጠረፍ ባሕሩ ሲሞላ ብዙ ከፍ አይልም፣ አንዳንዴም ሞልቶ ጥቂት ጎደል ብሎ እንደገና ይሞላል። ስለዚህ አጥማጁ የባሕሩን ሰዓት በሰበብነት ለማቅረብ ሠንጠረዥ ማንበብ ይኖርበታል፤ ያነብባልም።

የሚቀረው የቦታ ጉዳይ ነው። ጀማሪው ድልድዩ ጫፍ ድረስ ሄዶ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ አቅሙ እስከ ቻለ ወደ ባሕሩ ይወረውራል። ዓሣዎቹ ያሉት ግን ከእግሩ ሥር፣ ሣርና ዛጎል በለበሱት ምሰሶዎች መካከል ነው። ነባሩ አጥማጅ ይህን ስለሚያውቅ ክሩን ከሳንቃው ጠርዝ ቁልቁል ይለቀዋል። ስዋኔጅ ላይ ደግሞ ከነባሩም የበለጠ የሚያውቅ ወገን አለ። የፒየሩ ሥር የታወቀ የጠላቂዎች መዋኛ ስለሆነ፣ በቡሹና በዓሣው መካከል አልፎ አልፎ የአየር ጋን የተሸከመ ሰው ያልፋል። ጠላቂው የኮርክዊንጉን ጎጆ አይቷል፣ የስሜልቱን መንጋ ሰንጥቆ አልፏል፣ ጋርፊሹ የት እንደዋለ በዓይኑ ተመልክቷል። ወጥቶ ጭንብሉን ሲያወልቅ ከሥር ዓሣው እንደ ጉድ ነው ቢል፣ ከላይ ያሉት በትሕትና ያዳምጡታል፣ ያመሰግኑታልም። ነገሩ ግን በዓይን የታየ እንጂ በቡሽ የተረጋገጠ ስላልሆነ በማስረጃነት አይያዝለትም።